የቀላል ስፖርት አውሮፕላን ንድፍና ዝርያዎቹ፦ 600 ኪሎ ግራም እንዴት ይከፋፈላል?

ቀላል የስፖርት አውሮፕላን ከፋብሪካ በፊት በሕግ የተፈጠረ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓይነቱን ድንበር አበጀ። አውሮፕላኑ ከነሰዎቹ፣ ከነሻንጣውና ከነነዳጁ ለመነሣት ሲዘጋጅ ከ600 ኪሎ ግራም መብለጥ አልነበረበትም፤ ውሃ ላይ የሚያርፍ ከሆነ እስከ 650 ይፈቀድለት ነበር። መቀመጫው ቢበዛ ሁለት ነበር። ሞተሩ አንድ፣ እሱም ፒስተን ያለው መሆን ነበረበት። ሞተሩ ያለማቋረጥ ሊሰጥ በሚችለው ጉልበት አግድም ሲበር ፍጥነቱ ከ120 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ222 ኪሎ ሜትር ማለፍ አይችልም ነበር። ፍላፑን፣ ማለትም በክንፉ ኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚዘረጋውን ክፍል፣ ሳይዘረጋ አየር ላይ መቆየት የሚችልበት ዝቅተኛው ፍጥነት ደግሞ ከ45 ኖት፣ ማለትም ከ83 ኪሎ ሜትር መብለጥ አልነበረበትም። በየብስ የሚያርፈው ጎማውን አያጥፍም ነበር፤ የፕሮፔለሩ ምላጭ ዝንባሌም በበረራ ላይ አይቀየርም ነበር።

ከእነዚህ ገደቦች ሁሉ ንድፍ አውጪውን እንቅልፍ ይነሳው የነበረው የክብደቱ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የኖረችው አሮጌዋ ቮልስዋገን ባዶዋን ወደ 800 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ እዚህ ግን ሁለት ሰውና የሦስት አራት ሰዓት ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ከ600 እንዳያልፍ ተብሏል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቁጥሩ ከዚህም ያነሰ፣ 560 ያህል ነበር፤ ከፍ ያለው ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ከቀረበ በኋላ ነው።

ደንቡ ሁለት ነገሮችን አቃልሏል። አንደኛው ፈቃዱ ነው፦ የስፖርት አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ በ20 ሰዓት በረራ ይገኛል፤ በሐኪም የአቪዬሽን ምርመራ ፋንታም የመኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ሁለተኛው ማረጋገጫው ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ዓመታትና ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚፈጀውን የመንግሥት የዓይነት ማረጋገጫ ያልፋሉ። ቀላል የስፖርት አውሮፕላን ግን ባለሙያዎችና አምራቾች ኤኤስቲኤም በተባለው የመለኪያ አውጪ ድርጅት ጥላ ሥር ተስማምተው ባወጡት መለኪያ ይሠራል፤ መለኪያውን ማሟላቱንም አምራቹ ራሱ ፈርሞ ያሳውቃል። ይህ ራስን በራስ የመመስከር አሠራር ዋጋ ቀንሷል፤ ያስከተለው ችግር ደግሞ ከዚህ በታች ዞዲያክ በተባለው አውሮፕላን ታሪክ ይታያል።

የክብደቱን ስሌት ቀረብ ብሎ ለማየት ሴስና 162 ስካይካቸር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሴስና በ2007 ይፋ ሲያደርገው የታሰበው ለበረራ ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ የተመረተው በቻይና ሼንያንግ ነበር። ባዶ ክብደቱ 377 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከ600 ሲቀነስ ለሰው፣ ለዕቃና ለነዳጅ 222 ገደማ ይቀራል። ታንኩ ሲሞላ ነዳጁ ብቻውን ወደ 65 ኪሎ ይወስዳል። የተረፈው 157 ኪሎ ለአሠልጣኝና ለተማሪ ነው፤ ይህም ለእያንዳንዳቸው 78 ኪሎ ማለት ሲሆን፣ ሻንጣ አልተቆጠረም። ከሁለቱ አንዱ ወፈር ያለ ከሆነ ነዳጅ መቀነስ ግድ ነው። ነዳጅ ሲቀነስ ደግሞ ለተማሪ የግድ የሚያስፈልገው ረጅም የአገር አቋራጭ በረራ ያጥራል።

ለዚህ ከዳረጉት ውሳኔዎች ዋናው የሞተር ምርጫ ነው። ሴስና የመረጠው መካኒኮች ለአሥርት ዓመታት የሚያውቁትን ኮንቲኔንታል ኦ-200ን ነው። ይህ 3.3 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በደቂቃ 2,750 ዙር እየተሽከረከረ 100 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ፕሮፔለሩንም ያለ ማርሽ በቀጥታ ይነዳል። ለስካይካቸር ሲባል ክብደቱ ተቀንሶ 90 ኪሎ ግራም ያህል ቢደርስም ከተፎካካሪው ሮታክስ 912 ይከብዳል። በኦስትሪያ ጉንስኪርሸን የሚሠራው ሮታክስ ያንኑ 100 የፈረስ ጉልበት ከ1.35 ሊትር ያገኛል። ምሥጢሩ በደቂቃ እስከ 5,800 ዙር መሽከርከሩ ነው፤ ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት መዞር ስለማይችል ዙሩን በ2.43 የሚያካፍል የማርሽ ሳጥን ከፊቱ ተገጥሞለታል። የሲሊንደሮቹ አናት በራዲያተር ውሃ፣ ግንዳቸው በአየር ይቀዘቅዛል፤ ከተራ የመኪና ቤንዚንም ጋር ይስማማል። በዚህ ክፍል አብዛኞቹ ንድፎች የተሠሩት በሮታክስ ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስካይካቸር ግን በሞተሩም በዋጋውም ተጎዳ፤ መነሻው 109,500 ዶላር የነበረው ዋጋ ኋላ ወደ 150,000 ተጠጋ። ከ190 በላይ ከተሸጡ በኋላ ምርቱ ቆመ፤ ገዢ ያጡት 80 ያህሉም በ2016 መጨረሻ ተቆራርጠው ተጣሉ።

የሮታክስ ቤተሰብ ራሱ ለዝርያዎቹ መብዛት ምክንያት ሆኗል። 80 የፈረስ ጉልበት ያለው የመጀመሪያው 912፣ ባለ 100ው፣ ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጨው 912 አይኤስ፣ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ባለ 115 ጉልበቱ 914፣ 141 የሚያወጣውም 915 የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አንድ አምራች በአንድ ገላ ላይ ሞተር እየቀያየረ ሦስት አራት ስም ይሰጣል። ተርቦው ቅንጦት የሚመስለው ለባህር ዳርቻ አገር አብራሪ ነው። ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው እንደ አዲስ አበባው ቦሌ ባለ ማኮብኮቢያ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል፤ ክንፉም ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል።

የክንፉን ስፋት ይወስን የነበረው የ45 ኖቱ ገደብ ነው። ያለ ፍላፕ በዚያ ፍጥነት 600 ኪሎ ግራም ለመሸከም፣ ተራ ቅርጽ ያለው ክንፍ 12 ካሬ ሜትር አካባቢ ስፋት ያስፈልገዋል። በእርግጥም የስካይካቸር ክንፍ 11.1፣ የቫንስ አርቪ-12 ክንፍ 11.8፣ የዞዲያክ ኤክስኤል ክንፍ 12.3 ካሬ ሜትር ነው። በልስላሴውና በቅርጹ የተራቀቀው የጀርመኑ ፍላይት ዲዛይን ሲቲ ግን ወደ 10 ይወርዳል። የተለያዩ አገሮች መሐንዲሶች ሳይመካከሩ ተቀራራቢ ክንፍ የሳሉት ገደቡ አንድ ስለነበረ ነው። ክንፉ ከላይ ይሁን ከታች ግን የምርጫ ጉዳይ ነው፦ ከላይ ሲሆን ምድሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ መግባትና መውጣትም ይቀላል፤ ከታች ሲሆን ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ ያለው ሰማይ አይከለልም።

በቁሳቁስ ረገድ ሦስት ጎራዎች አሉ። ሲቲ በአብዛኛው የካርቦን ፋይበር ነው። ያለ ደጋፊ ዘንግ ከጣሪያው የሚዘረጋው ክንፉና እንቁላል መሰሉ ገላው በላሜራ ሊሠራ የማይችል ቅርጽ ነው። ለዓመታት የተመረተው በዩክሬን ኸርሶን ሲሆን፣ ከ2022ቱ የሩሲያ ወረራ በኋላ ሥራው ወደ ቼክ ሪፐብሊክ ዞሯል። ክንፉ አጠር ያለው ሲቲኤስደብሊው፣ ገላው ረዘም ያለው ሲቲኤልኤስ ይባላል። ሁለተኛው ጎራ ከ1930ዎቹ የወረደው በብረት ቱቦ ላይ ጨርቅ የመወጠር ስልት ነው። በዋሽንግተን ግዛት ያኪማ የሚገኘው ኩብክራፍተርስ በዚህ ስልት የሚሠራው ካርቦን ኩብ ሕጉን በብልሃት አልፎታል፦ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጥሞለት ሙሉ ጉልበቱ ለመነሣትና ለመውጣት ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንዲሠራ፣ ከዚያ በኋላ ግን በ80 እንዲወሰን ተጻፈ። ወረቀቱ ሕጉን ያከብራል፤ አብራሪው ግን ከአጭር ሜዳ እንደ ሚዳቋ ዘሎ ይነሣል።

ሦስተኛውና በጓሮ ሠሪዎች ዘንድ ተወዳጁ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። አርቪ-12 በዚህ የሚጠቀስ ነው፤ ክንፎቹ ሁለት ፒን ተነቅሎ ስለሚወልቁ በተጎታች ጋሪ ቤት ይገባል፤ ለዚህ ሲባል ነዳጁ የተቀመጠው በክንፉ ሳይሆን ከመቀመጫው ጀርባ ነው። ስለ ዝርያዎች አወላለድ ብዙ የሚያስተምረው ግን የዞዲያክ ቤተሰብ ነው።

ዞዲያክን የነደፈው ክሪስ ሄንዝ በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ተቋም የተማረ፣ በኮንኮርድ ሥራ የተሳተፈ፣ በኋላም በፈረንሳዩ የሮባን አውሮፕላን ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። የራሱን ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠርቶ በ1970 አበረረና የስሙን ፊደላት አዟዙሮ ዜኒት አለው። በ1973 ወደ ካናዳ ተሻግሮ በዓመቱ ዜንኤር የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው ዞዲያክ፣ ሲኤች 600፣ በ1984 በረረ።

የሄንዝ ፍልስፍና አንድ ነበር፦ ልምድ የሌለው ሰው በተራ መሣሪያ፣ በመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ እንዲሠራው። ስለዚህ የተጣመመ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ገላው ጠፍጣፋ ላሜራ በሳጥን ቅርጽ ታጥፎ የተያያዘ ነው፤ ዝገት የማይደፍረው 6061 የተባለው አሉሚኒየም ተመርጧል። ሪቬቱም ከአንድ ወገን የሚሳበው ዓይነት ነው፤ በመዶሻና በመደገፊያ ሁለት ሰው የሚመታው አይደለም። እዚህ ላይ አንዲት የእጅ ጥበብ አለች። ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ሪቬት ይገዛል፤ የመሳቢያው አፍንጫ በመሃሉ ስለተሰረጎደ ሲሳብ ጠፍጣፋው ራስ ጉልላት ሆኖ ላሜራውን ጨምቆ ይይዛል። መሪው ደግሞ በሁለቱ ወንበሮች መሃል የቆመ አንድ ባላ ዘንግ ነው፤ ለሁለት የሚሆን ሌላ ዘንግና ማያያዣ ተቀንሷል። ኪሎ ግራም የሚተርፈው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ከሲኤች 601 ዝርያዎች ኤችዲ ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ ጫፍ እስከ ጫፍ 8.2 ሜትር ክንፍ አለው፤ ቀስ ብሎ የሚያርፍ የገር ፈረስ ዓይነት ነው። ኤችዲኤስ ክንፉ ወደ 7 ሜትር አጥሮ ወደ ጫፉ የሚጠብ ነውና ይፈጥናል፤ በምትኩ ለማረፍ ፈጠን ያለ አቀራረብ ይሻል። ዩኤል ለቀላሎቹ የማይክሮላይት ሕጎች የተቀነሰ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው ኤክስኤል ግን ለወደፊቱ የታሰበ ነበር፦ ክንፉ እንደገና ተነድፎ ፍላፕ ተጨመረለት፤ ከሮታክስ ሌላ ጃቢሩ፣ ኮንቲኔንታልና ላይካሚንግ ሞተሮችን መሸከም የሚችል ሆነ። የ2004ቱ ደንብ ሲወጣ 600 ኪሎ ግራሙ ልኩ ነበርና ገበያው ተከፈተለት። አሜሪካ ሚዙሪ የሚገኘው ዜኒት ኤርክራፍት ገጣጥሞ ለሚሠራ ሰው ክፍሎቹን ይሸጣል፤ ያለቀለትን ደግሞ በጆርጂያ ግዛት ኤኤምዲ፣ በአውሮፓም የቼኩ ሲዜድኤደብሊው ያመርቱት ነበር።

የኤክስኤል ኤለሮን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው በክንፉ ኋላ ጠርዝ ያለው ክፍል፣ በአንደኛው አማራጭ ማጠፊያ አልነበረውም። የክንፉ የላይኛው ላሜራ ራሱ ሳይቆረጥ ወደ ኤለሮኑ ይዘልቅና በመተጣጠፉ ማጠፊያ ይሆናል። ቁጥብነት ከዚህ በላይ ሊሄድ አይችልም። ነገር ግን ኤለሮኑ ከማጠፊያው ፊት ለፊት ማመጣጠኛ ክብደት አልነበረውም። እንዲህ ያለ ኤለሮን በተወሰነ ፍጥነት ከክንፉ መለጠጥ ጋር ተቀናጅቶ መርገብገብ ከጀመረ፣ ኤለሮኑ ክንፉን፣ ክንፉም ኤለሮኑን እያባሰ በሰከንዶች ውስጥ መዋቅሩን ይበጣጥሳል። አምራቹ የኤለሮኑ ሽቦ በትክክል ከተወጠረ አደጋ የለም ሲል ተከራከረ። ሆኖም ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ አራት፣ በአውሮፓ ሁለት ኤክስኤሎች በአየር ላይ ተሰባብረው 10 ሰዎች ሞቱ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በኤፕሪል 2009 አውሮፕላኑ እንዳይበር እንዲታገድ ጠየቀ። አቪዬሽን አስተዳደሩ ወዲያው አላገደም፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በአርካንሳስ ሌላ አውሮፕላን ከተሰበረ በኋላ ግን አምራቾቹ ማሻሻያ እስኪደረግ እንዲቆም አዘዙ፣ መንግሥትም ደገፋቸው። በ2010 መጀመሪያ የወጣው የአስተዳደሩ ጥናት ጥፋቱን በአንድ ነገር ላይ አላሳረፈም። በንድፉ የታሰበው የክንፍ ጭነት ማነሱን፣ መርገብገቡን፣ ሚዛኑ ወደ ኋላ ሲያደላ የመሪ ዘንጉ ከልክ በላይ መቅለሉን፣ የፍጥነት መለኪያው ስህተትንም አንድ ላይ ጠቅሷል። ማሻሻያው ስፓር የሚባለውን የክንፍ ዋና ተሸካሚ ማጠናከርና ለኤለሮኖቹ ማመጣጠኛ ክብደት መጨመር ነበር። የተሻሻለው ኤክስኤል-ቢ ተባለ። ሰፋ ያለ ክፍልና ብርሃን አሳላፊ ክዳን ይዞ የመጣው ሲኤች 650ም በዚሁ ክንፍ ቀጠለ። በማሻሻያው የተጨመሩት ኪሎ ግራሞች ከተሳፋሪው ድርሻ የተቆረጡ ናቸው፤ ገደቡ ያው 600 ነበርና። ከዚያ በፊት ፊርማውን የሚፈትሽ ሦስተኛ ወገን ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያው ክንፍ ወደ ገበያ ባልወጣም ነበር የሚለው ትችት ሚዛን ይደፋል።

ከንድፍ ልዩነት ሌላ የወረቀት ልዩነትም ዝርያ ይፈጥራል። ፋብሪካ ያለቀለትን አውሮፕላን ሲሸጥ፣ ገዢው ያለ አምራቹ የጽሑፍ ፈቃድ ሬዲዮ እንኳ መቀየር አይችልም፤ ለትምህርት ግን ሊያከራየው ይችላል። ያንኑ አውሮፕላን ገጣጥሞ ሠርቶ በሙከራ ምድብ ያስመዘገበ ሰው እንዳሻው ያሻሽለዋል፤ የማከራየት መብቱ ግን ይጠብበታል። አምራቹ ሲከስር የመጀመሪያው ባለቤት ፈቃድ የሚጽፍለት አጥቶ ይቸገራል፤ ያገለገለ አውሮፕላን ገበያ ላይ ብዙም የማይነገር ጉዳት ይህ ነው።

በአውሮፓ ደግሞ አንዱ አውሮፕላን ሁለት ሦስት ስብዕና ይዞ ኖሯል። በማይክሮላይት ሕግ ገደቡ ለረጅም ጊዜ 450 ኪሎ ግራም፣ ለአውሮፕላኑ ራሱ ፓራሹት ከተገጠመ 472.5 ነበር፤ ከ2018 ወዲህ አገሮች እስከ 600 እንዲፈቅዱ መንገድ ተከፍቷል። ለአውሮፓ የሚሠራው በበረራ ላይ የሚቀየር ፕሮፔለር ሲገጠምለት፣ ወደ አሜሪካ የሚላከው መሬት ላይ ብቻ የሚስተካከል ይሰጠው ነበር።

ውሃ ላይ የሚያርፈው አይከን ኤ5 ጉዳይ ከሁሉ ይለያል። ክንፉ ታጥፎ በተጎታች የሚሄደው ይህ አውሮፕላን እየተሽከረከረ መውደቅን እንዲቋቋም ተደርጎ ተነደፈ። ለዚያ የሚያስፈልገው ክንፍ ከ650 ኪሎ ግራሙ አላስገባውም። ኩባንያው ደህንነትን ምክንያት አድርጎ በ2013 እስከ 762 ኪሎ ግራም የሚያደርስ ልዩ ፈቃድ አገኘ፤ የመጨረሻው ምርት 685 ላይ ቆመ። ገደቡ ደህንነትን ለመጠበቅ ቆሞ ደህንነትን የሚያስቀንስበት ጊዜ እንዳለ መንግሥትም በዚህ አምኗል።

የኤሌክትሪኩ ዝርያ የክብደቱን ጥያቄ ወደ ጫፉ ይወስደዋል። የስሎቬኒያው ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ በጁን 2020 ከአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ሙሉ የዓይነት ማረጋገጫ ያገኘ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ነው። ከ600 ኪሎ ግራሙ ውስጥ፣ አንዱ ባትሪ ከአፍንጫው፣ ሌላው ከወንበሩ ጀርባ ሆነው ሁለቱ በድምሩ 140 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ለሰዎቹ 172 ኪሎ ይቀራል። የሚበረው ከመጠባበቂያው ሌላ እስከ 50 ደቂቃ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል አውሮፕላኑ ይቀላል፤ ባትሪ ግን ሲያልቅም ክብደቱ ያው ነው። በማኮብኮቢያው ዙሪያ መነሣትና ማረፍ ለሚለማመድ ተማሪ ይበቃል፤ ለጉዞ አይሆንም። በአሜሪካ ደግሞ ደንቡ ፒስተን ሞተር ስላለ፣ በስፖርት አውሮፕላንነት እንኳ አይቆጠርም ነበር።

ይህ ሁሉ የተለወጠው በጁላይ 2025 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሞዛይክ የተባለውን አዲስ ደንብ አጽድቆ የክብደቱን ገደብ አነሣ፤ በምትኩ መለኪያው የዝቅተኛ ፍጥነት ሆነ። አውሮፕላኑ ፍላፑን ዘርግቶ ከ61 ኖት በማይበልጥ ፍጥነት አየር ላይ መቆየት ከቻለ፣ እስከ አራት መቀመጫ፣ የሚታጠፍ ጎማ፣ በበረራ የሚቀየር ፕሮፔለር፣ የኤሌክትሪክ ሞተርም ይፈቀድለታል። የስፖርት አብራሪው ግን የሚይዘው መንገደኛ አሁንም አንድ ብቻ ነው። የአብራሪዎቹ ክፍል በኦክቶበር 2025 ሥራ ላይ ውሏል፤ የአውሮፕላኖቹ ክፍል የሚጀምረው በጁላይ 2026 ነው። በአሮጌው ደንብ የተመረቱት በወጡበት ክብደት ይቀጥላሉ፤ በአውሮፓም ለቀላል የስፖርት አውሮፕላን የተቀመጠው 600 ኪሎ ግራም እንደጸና ነው።